ስኳሩ ልክ ነበር

ዶክተር አይደለሁም። ጁባ ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት «ዳክቶር» ሲሉኝ «አቤት» እያልኩ ኖርኩ እንጂ አይደለሁም። ድራጊስት ነኝ። መድኃኒት ቆጥሬ፣ በከረጢት አድርጌ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ ብዬ ጽፌ የምሰጥ ሰው ነኝ። መጀመሪያ አካባቢ «ኧረ እኔ ዶክተር አይደለሁም» እል ነበር። ሰዉ ይስቅና «ማፊ ሙሽኪላ፣ ዳክቶር» ይለኛል፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ማረሙን ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ደስም ይለኝ ነበር።

ባለፈው ወር ማላኪያ ሰፈር የምሠራበትን ፋርማሲ ቁልፍ ለባለቤቷ ለማማ ሮዳ አስረከብኩ። ማማ ሮዳ የአገሬው ተወላጅ ናቸው፤ ፈቃዱ በስማቸው ነው፣ ሥራው በእኔ። ዓይኔ እንቢ አለኝ። የኪኒን ማሸጊያ ጀርባ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ በር ላይ ወጥቼ ፀሐይ ላይ መያዝ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ ደንበኛ ሲያየኝ አፍራለሁ። ቁልፉን ስሰጣቸው «ካላስ?» አሉኝ፤ በቃ? ማለታቸው ነው። «ካላስ» አልኳቸው። ሌላ አልተነጋገርንም። ጡረታ የሚባል ነገር የለኝም፣ የምስክር ወረቀትም አልጠየቅኩም።

የምጽፈው ስለ ሸምሱ ነው። ሌላው ሁሉ እሱ ጋ ለመድረስ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጋምቤላ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ ከአዲስ አበባ ተመርቄ ዕጣ ሳወጣ ጋምቤላ ደረሰኝ፤ እናቴ ከነነፍሴ ልታለቅስብኝ ምንም አልቀራት። የሆስፒታሉ ፋርማሲ ኃላፊ ጋሽ በየነ ይባሉ ነበር። በሥራ ሰዓት አይቀመጡም። ወንበራቸው ላይ ጋውናቸው ይቀመጣል እንጂ እሳቸው አይቀመጡም። ኪኒን የሚቆጥሩት በአምስት በአምስት ነው፤ በቢላዋ ጫፍ እየገፉ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ። እኔ በሁለት በሁለት ስቆጥር ቢያዩኝ «ምነው ተሾመ፣ ጫማ ነው እንዴ የምታጣምረው?» ብለው ሳህኑን ቀሙኝ። ቅባት ለውሰው ሲጨርሱ ክንዳቸው ላይ ያሹታል፤ አሸዋ አሸዋ ካላቸው መልሰው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። በሽተኛው ውጭ ተሰልፎ ይሳደባል፣ እሳቸው አይሰሙም።

አዲስ መድኃኒት ሲመጣ በቀጥታ መደርደሪያ ላይ አይወጣም። መጀመሪያ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ተዘርግቶ ከላይ እስከ ታች ጮክ ተብሎ ይነበባል። እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ቆመው ያዳምጣሉ። የገባኝ ያልመሰላቸው ቦታ ላይ «ድገመው» ይላሉ። በሽተኛ ደግሞ መድኃኒቱን ይዞ አይሄድም፤ «በል አሁን ድራጊስቱ አንተ ነህ፣ በሽተኛው እኔ ነኝ። እንዴት ነው የምውጠው?» ይሉታል። ገበሬው አፍሮ ይስቃል፣ ከዚያ ይናገራል። ተሳስቶ ከተናገረ እንደገና ያስጀምሩታል። እኔም ይህን ልማድ ወስጄ እስከ መጨረሻው ሠራሁበት። ሰው በአፉ የደገመውን አይረሳም። ይህ እውነት መሆኑን ምነው ባላወቅኩ።

አንድ ቀን ከገጠር በቃሬዛ የመጣ ስኳር በሽተኛ መስኮታችን ሥር አስቀመጡት። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ነው፤ አተኩሶት ምግብ አልበላ ሲለው «ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ?» ብሎ ሦስት ቀን ትቶታል። ጋሽ በየነ በመስኮቱ ግማሽ አካላቸውን አውጥተው ሰውየው አፍ ላይ ተደፉ። ከዚያ ቀና ብለው «ተሾመ፣ ና አሽትት» አሉኝ። አሸተትኩ። ሙዝ ከልክ በላይ በስሎ ሊበላሽ ሲል የሚሸተው ዓይነት፣ ትንሽም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ያለበት ሽታ ነው። «ይህ ሽታ ስኳር በሽተኛ አፍ ላይ ካለ ደሙ አሲድ ሆኗል ማለት ነው። ሩጥ፣ ሐኪም ጥራ!» ሮጥኩ። ሰውየው ተረፈ። ማታ ስንወጣ ጋሽ በየነ እንዲህ አሉኝ፦ «የስኳር በሽተኛ ቢያተኩሰውም፣ ባይበላም፣ መድኃኒቱን አያቋርጥም። ይህቺን ካልያዝክ ከዚህ መስኮት ውጣልኝ።»

ያዝኳት። እሳቸው የተናገሩት ስለ ኢንሱሊን ነበር፣ ስለ ኢንሱሊን ደግሞ እውነት ነው። እኔ ግን ስለ ስኳር መድኃኒት ሁሉ አድርጌ ያዝኳት።

ጋምቤላ ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ፤ ከዚያ ደምቢዶሎ፣ ከዚያ አዲስ አበባ የግል ፋርማሲ። ጁባ የመጣሁት ሰው ሁሉ «ጁባ፣ ጁባ» በሚልበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ የቀጠረኝ ጁባ ታውን ገበያው ውስጥ ፋርማሲ የነበረው ያገሬ ሰው ነው። «አሞክሳሲሊን ሁለት ሁለት ፍሬ ሽጥ፤ ነገ ተመልሶ ሁለት ይገዛል» አለኝ። «ነገ ተመልሶ የሚመጣው ብሶበት ነው» አልኩት። በስምንተኛው ወር ተጣልተን ወጣሁ፤ ማማ ሮዳ ዘንድ ገባሁ። ማማ ሮዳ ስለ መድኃኒት ምንም አያውቁም፣ ጣልቃም አይገቡም። ደህና አለቃ ማለት ይኼ ነው ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው በላዬ ሰው ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ሸምሱን ያወቅኩት እዚያ ነው። የስልጤ ሰው ነው፤ ጁባ ታውን ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር በጅምላ ይሸጣል። ስኳር እንዳለበት ያወቅኩለት እኔ ነኝ። ጣቱን ወግቼ ቁጥሩን ስነግረው «አይ ዶክተር፣ በጆንያ የሸጥኩት ሁሉ ተመልሶ መጣብኝ በለኛ!» ብሎ ሳቀ። እንዲህ ነበር ሸምሱ፤ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ይስቅበታል። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ጀመረ። በየሳምንቱ እየመጣ ጣቱን ይሰጠኛል፤ እኔ እወጋለሁ፣ እሱ ስለ ዘይት ዋጋ ያወራል። ቀስ በቀስ ወዳጅ ሆንን። አትላባራ ሰፈር ያለው ቤቱ ወሰደኝ፣ ባለቤቱን ሙኒራን አስተዋወቀኝ። ሙኒራ ቁጥብ ሴት ናት። የነገሯትን አንድ ጊዜ ሰምታ እንደተነገራት የምታደርግ። እንዲህ ዓይነት አስታማሚ ያለው በሽተኛ ዕድለኛ ነው እል ነበር።

ኮሮና ሊመጣ አንድ ዓመት ሲቀረው ዱባይ ያለው ወንድሙ አዲስ ኪኒን ላከለት። ስሙ በ«ግሊፍሎዚን» ከሚያልቁት አንዱ ነው። ስኳሩን በሽንት ያስወጣል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ለልብም ጥሩ ነው የተባለለት። ሐሰት አይደለም፣ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሸምሱ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። «ዶክተር፣ ሙሽራ ሆንኩ» እያለ ሆዱን ይመታል። ካርቶኑን ሲያሳየኝ ወረቀቱን አውጥቶ «እስቲ አንብብልኝ» አለኝ። በዓረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚሸፍን፣ ፊደሉ የጤፍ ፍሬ የሚያክል ወረቀት ነው። ሰው ተሰልፏል፣ ዓይኔም ያኔ መድከም ጀምሯል። «በኋላ አነባለሁ» ብዬ አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጋሽ በየነ ቢኖሩ ቀጥ አድርገው ያስነብቡኝ ነበር። አላነበብኩትም። አለቀ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። አውሮፕላን ቆመ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ተጠራጠረ። በተለይ እኛ ውጭ አገር ሰዎች፤ አንድ ሐበሻ ካሳለ ሰፈሩ በሙሉ በሽታውን እሱ እንዳመጣው ያወራል። ሱቁ ሊዘጋበት ይችላል፣ እሱንም ለይቶ ማቆያ ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ የኛ ሰው ሲታመም ክሊኒክ አይሄድም። በሩን ይዘጋና «ዳክቶርን ጥሩልኝ» ይላል። ዳክቶር ማለት እኔ ነኝ። ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያና የስኳር መለኪያውን በኪሴ ይዤ፣ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ ወጥቼ ከሰፈር ሰፈር እዞራለሁ። ስንቱን ፓራሲታሞልና ሻይ ሰጥቼ አስተኛሁ። አብዛኛው ዳነ። ዳነና አመሰገነኝ፤ እኔም ያዳንኩት እኔ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ይዞኝ ነበር። ሁለት ቀን አተኩሶኝ ተነሣሁ፤ አፍንጫዬ ግን አልተመለሰም። ሽንኩርት አይሸተኝ፣ አልኮል አይሸተኝ፣ ምንም። ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ከአርባ ዓመት በፊት ጋሽ በየነ ያስተማሩኝን አፍንጫ አጥቼ በየቤቱ እየዞርኩ በሽተኛ አይ ነበር።

ሙኒራ ሰኞ ቀን ደወለች። «ዶክተር፣ ሸምሱን አተኮሰው፤ ራሴን ፈለጠኝ ይላል።» ሄድኩ። የወባ ምርመራ አደረግኩለት፣ የለበትም። ኦክስጅኑ ዘጠና ሰባት። ስኳሩ መቶ አርባ ስምንት። ስኳር በሽተኛ አተኩሶት መቶ አርባ ስምንት! ደስ አለኝ። «ጎበዝ! ስኳርህ ከእኔ ይሻላል» አልኩት። «ሙሽራ ነኝ አልኩህ እኮ» አለኝ፣ ብርድ እያንቀጠቀጠው።

ማክሰኞ ምግብ አስጠላው። ሙኒራ ሾርባ ብትሠራ፣ ገንፎ ብትሠራ፣ አንድ ማንኪያ ወስዶ ይተወዋል። የሚቀበላት አብሽ ብቻ ነው። አብሽ ለስኳር ጥሩ ነው እያልን ሁላችን እንጠጣዋለን፤ እሷም በሰፊው በጥብጣ ከአጠገቡ አስቀምጣለች። በር ድረስ ልትሸኘኝ ስትወጣ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ዶክተር፣ የስኳሩን ኪኒን ግን ልተውለት እንዴ? ምንም አልበላም እኮ። ሲውጠውም ያቅለሸልሸዋል።»

ቆጣ አልኩ። ይህን አስታውሳለሁ፣ መቆጣቴን። «በፍጹም! የስኳር መድኃኒት አይቋረጥም፣ ሙኒራ። ሰው የሚሞተው እንዲህ ብሎ ነው።» ያ አልበቃኝም። «በይ አሁን ድራጊስቷ አንቺ ነሽ፣ እኔ ሸምሱ ነኝ። ምን ትይኛለሽ?»

ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ ደገመችው። «ብትበላም ባትበላም፣ ጠዋት ጠዋት ኪኒንህን አታቋርጥም።»

«ጎሽ» አልኳት።

ረቡዕ አስመለሰው። ውኃ ይጠማዋል፣ ይጠጣል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል። ሽንቱ መብዛቱን ሳይቀር በደግ ቆጠርኩት፤ ኩላሊቱ ይሠራል ብዬ። ትንፋሹ ግን ረጅምና ፈጣን ሆኗል፤ ደረጃ ሮጦ የወጣ ሰው ይመስላል። ኮሮናው ሳንባው ገባ ብዬ ደነገጥኩና መለኪያውን ጣቱ ላይ ሰካሁ፦ ዘጠና ስምንት። ሳንባው ታሞ ዘጠና ስምንት የለም። እንግዲያስ ለምንድን ነው እንዲህ የሚተነፍሰው? ጥያቄው መጣልኝ፤ መጣና አለፈ። ስኳሩን ለካሁ፦ መቶ ሰባ አንድ። «ልክ ነው» አልኩ። ለራሴም ለእሷም።

ያኔ ሙኒራ «ዶክተር፣ አፉ እኮ ሌላ ሽታ አመጣ» አለችኝ። «ሙዝ ሙዝ ይላል። የተበላሸ ሙዝ።»

ጎንበስ አልኩ። ማስኬን ዝቅ አድርጌ አሸተትኩ። ምንም። ግድግዳ እንደማሽተት ነው። እንደማይሸተኝ ደግሞ አውቃለሁ! «ሙኒራ፣ እኔ አፍንጫዬ አይሠራም፤ ያልሽው ሽታ ደግሞ ክፉ ነው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አልጋው አጠገብ የአብሹን ጆግ አየሁ። አብሽ ሲበዛ የሰውን ጠረን ይለውጠዋል፤ ይህን ሁላችን እናውቃለን።

«አብሹ ነው» አልኳት።

«እሺ» አለች። የነገርኳትን አንድ ጊዜ ሰምታ የምታምን ሴት ናት ብያችሁ የለ!

ሐሙስ ጠዋት ስትደውል ድምፅዋ ተቆራርጧል። «ስጠራው በደንብ አይመልስልኝም።» ስደርስ ዓይኑ ተከፍቷል፤ አላወቀኝም። ኪኒኑን ወስዷል ወይ አልኳት። «ወስዷል» አለችኝ። በጎረቤት መኪና ጭነነው ክሊኒክ ወሰድነው፤ ኮሮና ይባላል፣ ይወስዱታል፣ ሱቁ ይዘጋል የሚለው ፍርሃት በዚያች ሰዓት ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም።

የተቀበለን ሐኪም ዶክተር ቱት ይባላል። ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ያደገው ግን ጋምቤላ ነው፣ አማርኛው ከእኔ አይተናነስም። ገና ሸምሱ ላይ ጎንበስ ሲል፣ ማስኩ ሳይወልቅ፣ ሽታው ደርሶት ቀና አለ። ሽንት አስቀዳ፤ አሲዱን የምታሳየውን ትንሽ መመርመሪያ ወረቀት ነከረ፤ ወረቀቷ ጠቆረች። «ምን ምን ይወስዳል?» አለ። ሙኒራ ከቦርሳዋ ካርቶኑን አውጥታ ሰጠችው። አገላብጦ አየው። ከዚያ ግሉኮስ፣ ኢንሱሊን፣ ፈሳሽ እያለ ነርሶቹን ማዘዝ ጀመረ። ያላደረገው ነገር አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ውጭ ጠራኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ኪኒን ያውቁታል?»

«ከዱባይ ነው የመጣለት።»

«ስኳርን በሽንት ነው የሚያስወጣው። ሰው ቫይረስ ይዞት ሲያተኩሰው፣ ሳይበላ፣ እያስመለሰው ይህን ሲውጥ፣ ሰውነቱ ስብ ማቃጠል ይጀምራል፤ ደሙ አሲድ ይሆናል። ችግሩ መሣሪያው አይናገርም። ኪኒኑ ስኳሩን በሽንት እየጣለው ስለሆነ፣ ሲለካ ልክ ይመስላል። ትንፋሹ የፈጠነው አሲዱን ለማስወጣት ነው እንጂ ሳንባው አይደለም። ሲታመሙ ወዲያው መቆም ነበረበት። የነገራቸው ሰው የለም እንዴ?»

ካርቶኑን ከእጁ ተቀበልኩት። እሱም ገባው። ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፤ ወደ ግቢው ዛፎች ዞረልኝ። እንደዞረ «ለባለቤቱ እኔ ልንገራት ወይስ እርስዎ?» አለኝ።

«ተወው፣ እኔ እነግራታለሁ» አልኩት።

ሸምሱ አርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሞተ። ዶክተር ቱት ኮሮናውም እንደነበረበት ነገረኝ፤ «ኮሮናው ብቻ ቢሆን ይሞት ነበር ብዬ ግን አልዋሽዎትም» አለኝ። ማታ ፋርማሲ ገብቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። ወረቀቱ እንዳጠፍኩት ነው። ዘረጋሁት፣ መብራት ሥር ያዝኩት፤ ሁሉም ተጽፏል። ሕመም ሲኖር፣ ምግብ ሲቋረጥ፣ ማስመለስ ሲመጣ አቁሙ ይላል። ስኳሩ ከፍ ሳይል ሊደርስ ይችላል ይላል። ጮክ ብዬ አነበብኩት። የሚሰማኝ የለም።

ለሙኒራ አልነገርኳትም።

ለቅሶው ላይ እነግራታለሁ አልኩ፤ ሰው በዛ። ከአርባው በኋላ አልኩ፤ አመማት። ዒድ መጣ፤ ጠራችኝ። ገና ስገባ ልጆቿን «ተነሱ፣ ዶክተርን ሰላም በሉ፤ ለአባታችሁ ያልሆኑለት የለም» አለቻቸው። ልጆቹ ተነሥተው እጄን ሳሙኝ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልንገራት? ፈሪ ነኝ። አምስት ዓመት በየዒዱ ሄድኩ፤ አምስት ዓመት በላሁ፣ ተመሰገንኩ፣ ወጣሁ።

ፋርማሲው ውስጥ ግን አበድኩ። ያን ኪኒን ሊገዛ የመጣውን ሁሉ አላስወጣ አልኩ። «ካተኮሰህ፣ ካስመለሰህ፣ ምግብ ከተውክ፣ ይህን አቁመህ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂድ። መሣሪያው ልክ ነው ቢልህ አትመነው። ኢንሱሊን ከሆነ ግን እንዳታቋርጥ። ሜትፎርሚንም ቢሆን እያስመለሰህ ዝም ብለህ አትዋጥ፣ ጠይቅ።» ሰዉ ይሰለቸዋል። «ታማም፣ ዳክቶር፣ ታማም» ብሎ ይሄዳል፤ እሺ፣ እሺ ማለቱ ነው። አንዳንዱ ሦስት ቀን ታሞ ይመጣና መለኪያውን በኩራት ፊቴ ይደቅናል፦ «እይ፣ ስኳሬ ልክ ነው!» ዛሬ ኪኒኑ በየሱቁ ነው። ስኳር የሌለባቸው ሴቶች ለመቅጠን ይገዙታል። መደርደሪያው ላይ በቀይ እስኪርቢቶ ጽፌ የለጠፍኩት ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ቁልፍ ባስረከብኩ ማግስት ባልፍ አዲሱ ሠራተኛ አንሥቶታል። «ገዢ ያስደነግጣል» አለኝ። አርባ ዓመት የሠራሁት ሥራ በዚያች ወረቀት ልክ እንኳ አልቀረም።

ወደ አገሬ ልመለስ ነው። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ልሰናበታት አትላባራ ሄድኩ። ልጆቹ አልነበሩም። ሙኒራ ከስታለች፤ ሱቁን እሷ ነው የምታካሂደው። እነሱ ያረዱትን ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ለእኔ ሁልጊዜ ዓሣ ነው የምትጠብሰው። ጠብሳ አቀረበችልኝ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አንድ ጉርሻ ጎረስኩ።

«ሙኒራ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አልኳት። ነገርኳት። ወረቀቱን አለማንበቤን፣ አፍንጫዬ አለመሥራቱን፣ ዶክተር ቱት ያለኝን። «ያ ኪኒን መቆም ነበረበት። አንቺ ልተውለት ብለሽ ስትጠይቂኝ እሺ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር» አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። ግንባሯን ቋጥራ፣ ያልሰማችውን ቃል እንደምትፈልግ ሰው ታየኛለች።

«መቆም ነበረበት?» አለች።

«አዎ።»

«አለመውሰዱ ነው የሚሻለው?»

«አዎ፣ ሙኒራ።»

«ሐሙስ ጠዋት አልሰጠሁትም» አለችኝ። «አፉን አልከፍት አለኝ። ብዙ ለመንኩት፤ እንቢ ሲለኝ ኪኒኑን ሽንት ቤት ጣልኩት። እርስዎ ሲጠይቁኝ ወስዷል አልኩዎት። ዋሸሁ። አታቋርጪ ብለውኛል፣ በአፌ አስደግመውኛል፤ ሰው የሚሞተው እንዲህ ብሎ ነው ብለውኛል። እኔ አቋረጥኩ፣ በማግስቱ ሞተ።» አንገቷን ወዘወዘች። «ለልጆቹ አልተናገርኩ፣ ለእናቴ አልተናገርኩ። አምስት ዓመት በየሶላቴ ‹ሸምሱን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ አፉ በለኝ› ስል ነው የኖርኩት።»

«ኧረ አንቺ አይደለሽም! ከሁላችን ትክክለኛውን ያደረግሽ አንቺ ነበርሽ» አልኳት።

«ሐኪሙ መቼ ነው የነገረህ?»

«ሐሙስ። ከሰዓት በኋላ።»

«ሸምሱ ሳይሞት?»

«ሳይሞት።»

«አምስት ዓመት» አለች። «እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ አላህን ስለምን፣ አንተ እዚህ ተቀምጠህ ዓሣ ትበላ ነበር።»

ተነሣች። ሳህኑን ከፊቴ አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ከውስጥ ዘጋችው።